ባትሪ የታሰረበት ሽጉጥ

ቴክሳስ የገባ እንግዳ በር ማንበብ ቶሎ ይለምዳል። በየክሊኒኩ፣ በየባንኩ፣ በየፊልም ቤቱ መስታወት ላይ 30.06 እና 30.07 የሚሉ ቁጥሮች፣ ከሥራቸውም በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ የተጻፈ ረጅም ማሳሰቢያ ይታያል። ቁጥሮቹ የግዛቲቱ የወንጀል ሕግ አንቀጾች ናቸው፤ አንደኛው ሽጉጥ ሸሽጎ መግባትን፣ ሁለተኛው በግልጽ ታጥቆ መግባትን ይመለከታል። የፊደሉ ቁመት ቢያንስ አንድ ኢንች መሆን እንዳለበት ሕጉ ስለሚያዝ ማሳሰቢያው ከበሩ ላይ ሰፊ ቦታ ይወስዳል። መጠጥ ቤት ላይ ደግሞ ደማቅ ቀይ 51% አለ። ከገቢው 51 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ እዚያው ከሚጠጣ አልኮል የሚያገኝ ቤት የሚለጥፈው ነው፤ መሣሪያ ይዞ እዚያ መግባት ያስከስሳል። «ከአገር ቤት የመጣ ሁሉ ቅናሽ ይመስለዋል» አለኝ የአክስቴ ልጅ፣ ጋርላንድ ውስጥ አንድ የሐበሻ ቤት በር ላይ ቆመን።

ጋርላንድ ከዳላስ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ ከተማ ናት። ዳላስና ዙሪያዋ የእኛ ሰው በብዛት ከሰፈረባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ እንጀራ፣ ቡናና ቤተ ክርስቲያን ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። የበሩ ማሳሰቢያ የበዛው ሽጉጡ ስለበዛ ነው። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላውና በሌላ ሕግ ያልተከለከለ ሰው ቴክሳስ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ታጥቆ መሄድ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚጠየቅበት አገር ለኖረ ሰው ይህን መልመድ ጊዜ ይወስዳል። የፌዴራሉ ሕግ ግን እኔን በሌላ ዓይን ነው የሚያየኝ። በጎብኚ ቪዛ የገባ የውጭ አገር ሰው፣ የአደን ፈቃድን ከመሰሉ ጥቂት ምክንያቶች በቀር፣ የጦር መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ሽጉጥ ሳይነካ፣ ከጎን ቆሞ ያየ ሰው ወሬ ነው። የነካሁት ባትሪ ብቻ ነው። አዎ፣ አንድ ሰማያዊ ፕላስቲክም ነክቻለሁ፤ እሱን እመጣበታለሁ።

የአክስቴ ልጅ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ጋሼ ነው የምለው። ነዳጅ ማደያ አለው፤ ከማደያው ጋር የተያያዘች ሱቅም አለችው። ሲጋራ፣ ለስላሳ፣ ሎተሪ፣ ቺፕስ፣ ለመኪና የሚሆን ዘይት ይሸጥባታል። አብዛኛውን ምሽት ራሱ ነው የሚዘጋው። ከገንዘብ መቁጠሪያው በታች፣ በጣት አሻራ በሚከፈት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ሽጉጥ ያስቀምጣል።

«ተኩሰህበት ታውቃለህ ጋሼ?»

«ወረቀት ላይ። ከዚያ በላይ እግዜር አያሳየኝ።»

የባትሪና የሌዘር ጥያቄው የመጣው ከአንድ ደንበኛው ነው። ሰውየው ሽጉጡን አየና «ባትሪ የለው፣ ሌዘር የለው፣ ይኼማ እንዳልታጠቅህ ቁጠረው» ብሎት ሄደ። ጋሼ ነገሩ ከነከነው። እሱ ሲከነክነው ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ስለዚያ ነገር ማውራት ግዴታው ነው። እናም በአንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ እሱና እኔ ወደ ጠመንጃ ሱቅ ሄድን። የሠፈሩ ሐበሻ ሁሉ ሻምበል የሚላቸው አዛውንትም አብረውን ነበሩ። ሻምበል ሆለታ የሠለጠኑ፣ ኦጋዴን የዘመቱ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሰው ናቸው። ወገባቸው ላይ ማካሮቭ ታጥቀው ዓመታት አሳልፈዋል። ባትሪ የታሰረበት ሽጉጥ የሚባለውን ነገር ሲሰሙ መጀመሪያ ያሉት «ጠላትህ ወዴት እንዳለህ እንዲያውቅ ነው?» የሚል ነበር። ነገሩን አውቀውም አላወቁም፣ በዚህ ጉዳይ ከሚነሱት ክርክሮች ዋነኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግተውታል።

ሱቁ ውስጥ ሽጉጡ በመስታወት ሥር ተደርድሮ አንድ ግድግዳ ያህል ነው። ሁለቱን ግድግዳ የያዘው ጌጡ ነው፤ መያዣው፣ ቀበቶው፣ ማነጣጠሪያው፣ ባትሪው፣ ሌዘሩ። ነጋዴ ዓይን ያለው ጋሼ ወዲያው ገባው። «ሽጉጥ አንዴ ይገዛል፤ ይኼ ግን በየዓመቱ አዲስ ይወጣለታል» አለ። እኔ ባየሁት መደርደሪያ ላይ ደህና የሚባል የሽጉጥ ባትሪ ከ130 ዶላር ጀምሮ ከ300 በላይ ይዘልቃል። ሌዘሩም ከዚያ ብዙም አይርቅም። በዚያ ላይ ባትሪ የታሰረበት ሽጉጥ በድሮው መያዣ አይገባም፤ ለእሱ የተቀደደ ሌላ መያዣ መግዛት ግድ ነው። ይህን የነገረን ሻጩ ራሱ ነው። ፂሙ የሸበተ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ሲሆን፣ ለመሸጥ የሚቸኩል አልነበረም።

ከሌዘሩ ልጀምር፤ ጋሼን ያማለለው እሱ ነውና። የሌዘር ነገር መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1960 ካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ በሚገኘው የሂውዝ ቤተ ሙከራ ነው፤ ቴዎዶር ማይማን የሚባል ሳይንቲስት ከሩቢ ድንጋይ ቀይ ብርሃን አወጣ። ወደ ሽጉጥ ግን በቀላሉ አልመጣም። የእኛ ትውልድ በቪዲዮ ቤት ደጋግሞ ያየው የ1984ቱ «ተርሚኔተር» ውስጥ ሽዋዚንገር ሽጉጡ ላይ እንደ በርበሬ ማስቀመጫ የረዘመ ሌዘር ተጭኖበት ነበር። ያ ሌዘር በጋዝ ቱቦ የሚሠራ ነው፤ ለመነሳት የሚፈልገው ቮልቴጅ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ የኃይል ምንጩ ተዋናዩ ጃኬት ውስጥ ተደብቆ፣ ሽቦው በእጅጌው አልፎ ነው የተቀረፀው። የሠራው ኩባንያ ኋላ ሹርፋየር ተብሎ በባትሪ የታወቀው ነው። ሌዘሩ ጣት ወደሚያክል መጠን ወርዶ ለማንም ሰው ሽጉጥ የተመቸው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኦሪገን ውስጥ የተቋቋመው ክሪምሰን ትሬስ መሣሪያውን እጀታው ላይ አስገባው፤ እጀታውን ጨበጥ ሲያደርጉት በጣት ሥር ያለው መጫኛ ያበራዋል። ሐሳቡ ገበያ እንደነበረው የሚያሳየው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ2016 ኩባንያውን በ95 ሚሊዮን ዶላር መግዛቱ ነው።

ሻጩ መያዝ እንደማይፈቀድልኝ ስነግረው አልተገረመም። ከጠረጴዛው ሥር ለሥልጠና የሚሠራ፣ ቅርፁ የሽጉጥ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ፕላስቲክ የሆነ ሰማያዊ ነገር አወጣና ሌዘር አስሮ ሰጠኝ። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለ ቀን መቁጠሪያ አዞርኩት። ነጥቡ ይጨፍራል! ከዓርብ ወደ ሰኞ፣ ከሰኞ ወደ ረቡዕ። ትንፋሼን ስይዝ ባሰበት። «የሁሉም ሰው እጅ እንዲህ ነው» አለ ሻጩ፤ «በተለመደው ማነጣጠሪያ ሲያዩ መንቀጥቀጡ አይታይም፣ ሌዘር ግን ያሳብቃል። ጀማሪ ሰው ነጥቡ መሐል እስኪገባለት ይጠብቅና የገባ ሲመስለው ምላጩን ይመነጭቀዋል። ጥይቱም ሌላ ቦታ ይሄዳል።» ነጥብ ማሳደድ ነው የሚሉት። ያ ሲሆን ተኳሹ ሽጉጡን ትቶ ግድግዳውን ያያል፤ ነጥቡ በሆነ ምክንያት ካልታየው ደግሞ መፈለግ ይጀምራል፣ ፍለጋውም ጊዜ ይበላል።

ነጥቡ የማይታይባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። በአሜሪካ ለማንም የሚሸጥ የእንዲህ ዓይነት ሌዘር ጉልበት ከ5 ሚሊዋት አይበልጥም። የቴክሳስ የቀትር ፀሐይ ላይ ቀዩ ጥቂት እርምጃ ሳይሄድ ይጠፋል። አረንጓዴው ይሻላል፤ የሰው ዓይን በቀን ብርሃን አብልጦ የሚያየው ወደ አረንጓዴ የሚያደላውን ቀለም ስለሆነ በእኩል ጉልበት ደምቆ ይታያል። ዋጋውም አብሮ ይጨምራል።

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሌላ ነቀፌታ ግን የተጋነነ ይመስለኛል። ሌዘሩ ከአፈሙዙ በታች ስለሚታሰር ጥይቱና ነጥቡ በሁሉም ርቀት አይገናኙም ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ሒሳቡን እንየው። ሌዘሩ ከአፈሙዙ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ታስሮ 10 ሜትር ላይ እንዲገናኙ ቢስተካከል፣ 2 ሜትር ላይ ጥይቱ ከነጥቡ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ ያርፋል፤ 20 ሜትር ላይ ደግሞ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ሰው በድንጋጤ ከሚስተው አንፃር ይህ ምንም አይደለም።

ለጋሼ ሱቅ ሌዘሩ የማይረባው በሌላ ምክንያት ነው። ዘራፊ ቢመጣ የሚቆመው ከባንኮኒው ማዶ ነው፤ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። በዚያ ርቀት ነጥብ ምን ያደርጋል? «ነጥቡን ደረቱ ላይ ሲያየው ይሸሻል» የሚለውን ተስፋ ሻጩ ራሱ አልወደደውም። ያበደ፣ የሰከረ ወይም የተኩስ ልክፍት ያለበት ሰው ደረቱን ጎንበስ ብሎ አያይም። በሰው ፍርሃት ላይ የተመሠረተ መሣሪያ ሰውየው ካልፈራ ባዶ ነው። ይህን ሲሰማ የጋሼ ፊት ትንሽ ወደቀ፤ ልቡ በቀዩ ነጥብ ሄዶ ነበር።

ባትሪው ሌላ ነገር ነው። ሌዘር ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ይነግራል፤ ባትሪ ግን ከፊት ያለው ማን እንደሆነ ያሳያል። ሁለተኛው ጥያቄ ይቀድማል፤ ይህን የምትለው ደግሞ ሽጉጥ ተኩሳ የማታውቀው የጋሼ ሚስት ናት። ወደ ሱቁ ስንወጣ ከምድጃዋ ሳትዞር «ሌሊት በጓሮ በር የሚገባው ልጃችን መሆኑን አትርሱ» ነበር ያለችው። ልጃቸው ኮሌጅ ይማራል፤ ማታ ማታ ዕቃ ያደርሳል፤ ቁልፍ ሲጠፋበት መስኮት ይሞክራል።

የሽጉጥ ባትሪ ብርታት ያስደነግጣል። ስትሪምላይትና ሹርፋየር የተባሉት ሁለቱ ስመ ጥር ሠሪዎች 1000 ሉመን የሚያወጣ፣ መዳፍ ውስጥ የሚጠፋ ዕቃ ይሸጣሉ። ድሮ ቤታችን የምንሰቅለው የ60 ዋት አምፖል 800 ሉመን ገደማ ነበር፤ ያውም ብርሃኑን ክፍሉ ሁሉ ላይ በትኖ ነው። ይኼኛው ያንን ሁሉ ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ይልከዋል። ሽጉጥ ላይ ለማሰር የሚያስችለው ሐዲድ የመጣውም በዘጠናዎቹ ነው። ኒው ጀርሲ በሚገኘው የፒካቲኒ የጦር መሣሪያ ማዕከል ስም የሚጠራው መለኪያ በ1995 ጸደቀ፤ የሽጉጥ ሠሪዎችም ከአፈሙዙ ሥር ጥርስ ማውጣት ለመዱ። ዛሬ የአሜሪካ ፖሊስን ሽጉጥ ያለ ባትሪ ማየት ይከብዳል። ፖሊስ ሥራው ጨለማ ውስጥ ገብቶ ሰው መፈለግ ነው፤ አንድ እጁ በር ይከፍታል፣ ሬዲዮ ይይዛል፣ ሰው ይገፋል። ባትሪው ሽጉጡ ላይ ከሆነ አንድ እጅ ይተርፈዋል። ለእሱ ዋጋው ሙሉ ነው።

ግን ከዚሁ ጋር አንድ ክፉ ነገር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1976 አሪዞና ውስጥ የተኩስ ትምህርት ቤት የከፈተው ጄፍ ኩፐር ለሽጉጥ ባለቤቶች አራት ሕጎች ትቶላቸዋል፤ እዚህ አገር መሣሪያ የያዘ ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያውቃቸዋል። ሁለተኛው፣ ልታጠፉት ወደማትፈልጉት ነገር አፈሙዝ አታዙሩ የሚል ነው። አራተኛው ደግሞ ዒላማችሁ ምን እንደሆነ ሳታውቁ አትተኩሱ ይላል። ባትሪው ሽጉጡ ላይ ብቻ ከሆነ አራተኛውን ለመጠበቅ ሁለተኛውን ማፍረስ ይመጣል፤ ማን እንደሆነ ለማየት የተሞላ ሽጉጥ ይደቀንበታል። ያ ሰው ቁልፍ የጠፋበት ልጅ ሊሆን ይችላል። ጣትም ይሳሳታል። ከጋርላንድ ብዙም በማትርቀው ፕሌኖ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ፖሊስ የሽጉጡን ባትሪ ላበራ ስል ምላጩን ሳብኩት ብሏል፤ ከፊቱ የነበረው ሰው ሞቷል። መጫኛው ከምላጩ በታች፣ በዚያው እጅ ጣት የሚነካ ዓይነት ነበር። ያንን መጫኛ የከለከሉ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶችም አሉ።

ሻጩ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። «ለዚህ ነው ሽጉጥ ላይ ባትሪ ለሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ የእጅ ባትሪ ግዛ የምለው» አለን። በእጅ ባትሪ ማየት፣ መጥራት፣ መራመድ ይቻላል፤ ሽጉጡ ወደ ታች እንደሆነ ይቆያል። ሁለቱን በአንድ ላይ የመያዣ ዘዴም አለው። ማይክል ሃሪስ በሰባዎቹ ያስተማረው ዘዴ የሁለቱን እጆች ጀርባ አጋጥሞ የሚያስይዝ ነው፤ የኤፍቢአይ የሚባለው ደግሞ ባትሪውን ከሰውነት አርቆ ወደ ጎን ያስይዛል፤ ወደ ብርሃኑ የሚተኩስ ሰው አካሉን እንዲስት ነው። ሻምበል ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ነቀነቁ። የጠየቁት መልስ አግኝቷል።

ያን ምሽት ጋሼ ሱቁን ዘግቶ ሽጉጡን ሣጥኑ ውስጥ ከቆለፈ በኋላ፣ በእጅ ባትሪ ብቻ ልንሞክር መብራቱን አጠፋን። ባትሪውን ከሻጩ ተውሰነዋል፤ 1000 ሉመን ነው። እዚህ ላይ የተማርኩት የትም መደርደሪያ ላይ አልተጻፈም። የጋሼ ሱቅ የጀርባ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የመጠጥ ማቀዝቀዣ ነው፤ በሩ ሁሉ መስታወት። ከባንኮኒው ሆኜ ቀጥታ ሳበራው ብርሃኑ ከስምንት መስታወት ተመልሶ ዓይኔ ላይ ፈሰሰ። ለተወሰነ ጊዜ ኮካ ኮላውንም ጋሼንም አላየሁም። ሻምበል በሩ ጋ ቆመው «አሁን እኔ ሌባ ብሆን አለቀልህ» አሉኝ። ከዚያ ባትሪውን ወደ ኮርኒሱ አቀናሁት። ኮርኒሱ ነጭ ስለሆነ ክፍሉ በሙሉ ለስለስ ባለ ብርሃን ተሞላ፤ የሻምበልን መልክ፣ እጃቸውን፣ በእጃቸው የያዙትን የኦቾሎኒ ከረጢት ሳይቀር ለየሁ። ወደ ወለሉ ሳዞረውም እንዲሁ ነው። ሰው ለመለየት ሰው ላይ ማነጣጠር አያስፈልግም ማለት ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ለቤት፣ ለሱቅ፣ ለተራ ሰው ሽጉጥ ላይ የሚታሰረው ባትሪ ሁለተኛ እንጂ አንደኛ ሊሆን እንደማይችል ለራሴ ወሰንኩ። ሻጩ ያልተናገረውን ሌላም ነገር ጋሼ ራሱ አስታወሰኝ፤ ነዳጅ ማደያ ሌሊት ከመንገዱ ሁሉ የደመቀ ቦታ ነው። የጣሪያው መብራት መጽሐፍ የሚያስነብብ ያህል ያበራል። ዘራፊ ወደዚያ የሚገባው ብርሃን ለብሶ ነው። ባትሪ የሚያስፈልገው ቆሻሻ በሚጣልበት በጀርባው በር ብቻ ነው።

ሌሊት በዚህ አገር ሕግ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። የቴክሳስ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 9.42 ንብረትን ለመጠበቅ ሲባል ገዳይ ኃይል የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር ስርቆትን የሚጠቅሰው በሌሊት ከሆነ ነው። ሌላ ማዳኛ አለመኖሩን የመሳሰሉ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት፤ ሆኖም ቃሉ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ለአንድ እንግዳ የማይታመን ነው፤ ያው ሰው ያንኑ ዕቃ በቀን ቢወስድ አንቀጹ ውስጥ የለም። የጋሼ ሚስት ይህን ስነግራት አልደነቃትም። «ኦሪት ነዋ» አለችኝና ዘጸአት ምዕራፍ 22ን ገልጣ አሳየችኝ። እዚያም ግድግዳ ሲሰረስር በጨለማ ተመትቶ የሞተ ሌባ ደሙ አይፈለግም፤ ፀሐይ ወጥታ ከሆነ ግን መቺው በደም ይጠየቃል። የጥንቱ ሕግ ምክንያት ይገባኛል፤ በጨለማ የገባው ለመስረቅ ይሁን ለመግደል አይታወቅም፣ ማን እንደሆነም አይለይም። ያንን አለማወቅ ሕጉ ይቅር አለው። እንግዲህ 1000 ሉመን በእጁ የያዘ ሰው ያንን ይቅርታ ከየት ያመጣል? በአውራ ጣቱ ፀሐይ የሚያወጣ ሰው «ጨለማ ነበር» ሊል አይችልም። የቴክሳስ ዳኛ በዚህ ይስማማል አልልም። እኔ ግን ባትሪ የያዘ ሰው ከሌላው ይልቅ የሚጠየቅ ይመስለኛል።

ሻጩ ስለ ባትሪ ጥገና የነገረንን ለሚገዛ ሰው ላስተላልፍ። ድንጋዩ ብዙውን ጊዜ ሲአር 123 የሚባለው ሊቲየም ነው፤ መደርደሪያ ላይ አሥር ዓመት ይቆያል፣ ሲበራ ግን ትልቁ ባትሪ እንኳ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አይዘልም። በተተኮሰ ቁጥር ከአፈሙዙ የሚወጣው ጥላሸት መስታወቱን ያጠቁረዋል፤ ተኳሾች ከልምምድ በፊት የከንፈር ቅባት ይቀቡታል፣ ኋላ በጨርቅ ሲጠርጉት ከነጥላሸቱ ይነሳል።

ጋሼ በመጨረሻ የገዛው ሁለት የእጅ ባትሪ ነው፤ አንዱ ለባንኮኒው ሥር፣ ሌላው ለመኝታ ቤቱ። ከግንባታ ዕቃ መደብር ደግሞ ሰው ሲያልፍ ራሱ የሚበራ መብራት ገዝቶ ጀርባው በር ላይ ሰቀለ፤ አንዱንም ቤቱ ጓሮ። ሁሉም ተደምሮ ሽጉጡ ላይ ሊያስር ከነበረው ባትሪና ሌዘር ዋጋ በታች ነው። የልጁን ቁልፍ ቅጂ አሠርቶ በማሰሮ ሥር እንዲቀመጥ ያደረገችው ሚስቱ ናት፤ እኔ ከሁሉም የጠቀመው እሱ ይመስለኛል።

ነገሩ እዚህ ያበቃ ነበር፤ ሻምበል ባይኖሩ። ሻምበል ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አምስት ጥይት የምትይዝ አጭር ሪቮልቨር አለቻቸው። በሌላ ቀን የተኩስ መለማመጃ አዳራሽ ሄደን እኔ ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ አየኋቸው። ያ ሁሉ ዘመቻ ያየ እጅ አሁንም አይንቀጠቀጥም፤ ወረቀቱ ላይ ግን አምስቱም ተበታትነዋል። «እጄ ደህና ነው፣ ዓይኔ ነው» አሉ። ተለምዷዊው ማነጣጠሪያ ዓይን ሦስት ነገር በአንዴ እንዲያይ ይጠይቃል፤ የኋላውን ጎድጓዳ፣ የፊቱን ጉጥ፣ ዒላማውን። የትኛውም ዓይን ሦስቱን እኩል አጥርቶ አያይም፤ ወጣት ዓይን ግን ጉጡ ላይ ያርፋል። የአዛውንት ዓይን ክንድ ርቀት ላይ ያለውን ጉጥ ማጥራት አይችልም። የንባብ መነጽር ቢያደርጉ ጉጡ ይጠራና ዒላማው ጭጋግ ይሆናል። የሌዘር ነጥብ ግን ያለው ዒላማው ላይ ነው። ዓይን አንድ ቦታ ብቻ ማየት ይበቃዋል። ዛሬ ብዙ ሰው ሽጉጡ ጀርባ ላይ ትንሽ መስታወት ያስቀምጣል፤ ነጥቡ መስታወቱ ውስጥ እንጂ ግድግዳ ላይ አይታይም፣ ለሽማግሌ ዓይንም ይመቻል። የሻምበልን በመሰለች ሪቮልቨር ላይ ግን ያንን መጫን ቀላል አይደለም፤ እጀታ መቀየር ነው የሚቀለው።

አዳራሹ ለሙከራ የሚያከራየው ሌዘር ያለው ሪቮልቨር ነበረው። ሻምበል መጀመሪያ ያለ ጥይት ደጋግመው ምላጭ ሳቡ። ነጥቡ በሳቡ ቁጥር ወደ ግራ ዝቅ ይል ነበር፤ የዚያች ዓይነት ሽጉጥ ምላጭ ከባድ ነው፣ እጅን ይዞ ይወርዳል። በዓይናቸው አዩት፣ አስተካከሉት። ጥይት ሲያጎርሱ አምስቱም በአንድ መዳፍ ውስጥ ገቡ። ሌዘር አይረባም ብዬ በልቤ ከጻፍኩት ላይ ይህንን መቀነስ ነበረብኝ።

ሻጩ ዘንድ ተመልሰን ሌዘር ያለውን እጀታ ጠየቁ። ዋጋውን ሰምተው ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እንደ መርካቶ ሰው አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሄዱ። ጋሼ እዚህ ዋጋ እንደማይቀነስ በጆሯቸው ነገራቸው። «እሱ ይንገረኝ» አሉ። ሻጩ ዋጋው የፋብሪካው እንደሆነ፣ ሊነካው እንደማይችል በትሕትና አስረዳ። ሻምበል በሰባራ እንግሊዝኛቸው ከዚህ በፊት ስለገዙት ጥይት፣ ስላመጧቸው ሁለት ደንበኞች፣ ማለትም ስለ ጋሼና ስለ እኔ፣ ዘርዝረው አወሩ። እኔ ሕጉ ደንበኛ እንዳልሆን እንደከለከለኝ ሊነግረው ጋሼ አፉን ሲከፍት በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። ሻጩ ሳቀ። እጀታው በተለጠፈበት ዋጋ ተሸጠ፤ ሁለት ፓኬት ድንጋይ ግን ያለ ክፍያ ተጨመረበት።